«ሙያ በልብ ነው» ማለት ይብቃን

«ሙያ በልብ ነው» የሚለው አባባል የተነገረው ጉረኛን ለመገሠጽ ነበር። ሳትሠራ አታውራ፣ ሥራህ ይናገርልህ ማለት ነው። ደግ ምክር ነው። በእኛ በኮምፒውተር በምንስል ሰዎች መንደር ግን ትርጉሙ ተገለበጠና የሚያውቁትን ላለመጻፍ የሚቀርብ ማመካኛ ሆነ። እኔ የምጣላው ከዚህኛው ትርጉም ጋር ነው። የምጣላበት ጉዳይ ደግሞ ተራ ይመስላል፦ የስዕል ታብሌት ጎን ላይ የተደረደሩት ትንንሽ ቁልፎች በክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ውስጥ ምን እንዲሠሩ እንደተደረገ በጽሑፍ ማስቀመጥ።

«ኧረ ይሄም ጉዳይ ሆኖ ይጻፍበታል?» የሚል አይጠፋም። አዎ፣ ይጻፍበታል።

ለማይስል አንባቢ ነገሩን ላስረዳ። በታብሌት የሚስል ሰው በአንድ እጁ ብዕሩን ይይዛል፣ ሌላው እጁ ቁልፎቹ ላይ ያርፋል። የተሳሳተ መስመር ለመሰረዝ፣ ብሩሹን ለማወፈር፣ ሸራውን ለማዞር ብዕሩን ሳያነሣ በሌላው እጁ ይጫናል። ይህ የተስተካከለለት ሰው ሐሳቡ ሥዕሉ ላይ ይቆያል። ያልተስተካከለለት ደግሞ በየደቂቃው ምናሌ ሲከፍትና ሲዘጋ ይውላል። በገጽ ተከፍሎት የሕፃናት መጽሐፍ ለሚስል ሰው ይህ የእንጀራ ጉዳይ ነው።

አሁን ወደ ችግሩ። የታብሌቱ ቁልፍ በራሱ ትርጉም የለውም። አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው የኪቦርድ ቁልፍ መስሎ በመቅረብ ነው። «የቢ ቁልፍ ተጫነ» ይላል፣ ፕሮግራሙም ያምነዋል። ስለዚህ አንድ ቁልፍ ምን እንደሚሠራ ለማወቅ ሁለት ነገር መታወቅ አለበት፤ ቁልፉ የትኛውን ፊደል እንደሚልክና ፕሮግራሙ ለዚያ ፊደል ምን ትርጉም እንደሰጠው። ክሪታ ላይ «ቢ» ብሩሽ ነው፣ «ኢ» ብሩሹን ወደ ማጥፊያ ይለውጠዋል፣ «ኤም» የሸራውን እይታ እንደ መስታወት ይገለብጠዋል፣ 4 እና 6 ሸራውን ግራና ቀኝ ያዞሩታል። ጊምፕ ላይ ደግሞ ብሩሹ «ፒ» ነው፣ ማጥፊያው «ሺፍት» ከ«ኢ» ጋር። ይባስ ብሎ ክሪታ ራሱ ከፎቶሾፕ ለመጡ ሰዎች ሌላ የአቋራጭ ስብስብ፣ ከፔይንት ቱል ሳይ ለመጡትም ሌላ አዘጋጅቷል። እንግዲህ አንድ ሰው «ይቺን ተጫን» ብሎ ሲያስተምር የትኛውን ስብስብ እንደሚጠቀም ካልነገረን ምን ነገረን? ምንም።

ሊኑክስ ላይ ሲመጣ ነገሩ ይረቃል። ለብዙ ዓመታት የዋኮም ታብሌት ቁልፎችን የምናስተካክለው ኤክስሴትዋኮም በሚባል ትእዛዝ ነበር። ቁልፎቹ 1፣ 2፣ 3 ብለው ይቆጠሩና አራተኛው ድንገት 8 ይሆናል። ለምን? ከ4 እስከ 7 ያሉት ቁጥሮች በኤክስ ሥርዓት ውስጥ ለማውዝ መንኮራኩር፣ ለላይና ታች፣ ለግራና ቀኝ ማሸብለያ፣ ቀድመው ስለተያዙ ነው። ምክንያቱ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ያላገኘ ሰው ግን ታብሌቱ የተበላሸ መስሎት ሙሉ ቀን ይፈትሻል። ቀጥሎ ዌይላንድ መጣ። የኬዲኢ ፕላዝማ 6 እ.ኤ.አ. በ2024 ሲወጣ ዌይላንድን መደበኛ አደረገው፤ ዌይላንድ ላይ ደግሞ ኤክስሴትዋኮም አይሠራም። ማስተካከያው ወደ ዴስክቶፑ የቅንብር መስኮት ተዛወረ። የድሮዎቹ መመሪያዎች ግን ዛሬም በየቦታው ቀን ሳይጻፍባቸው ተቀምጠዋል። ጀማሪው ትእዛዙን ይገለብጣል፣ ምንም አይሆንም፣ ጥፋቱን በራሱ ላይ ያደርጋል። ቀን የሌለው መመሪያ ካለመመሪያ ይብሳል የምለው ለዚህ ነው።

ለእኛ ለአማርኛ ጸሐፊዎች ሌላም አለ። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ከዩኒኮድ 3.0 ጋር የራሱን ቁጥር አገኘ፤ እሰየው። አቋራጮቹ ግን በላቲን ፊደል እንደታሰቡ ቀሩ። በሥዕሉ ውስጥ የአረፋ ንግግር በአማርኛ ጽፈህ ኪቦርዱን ሳትመልስ ወደ ብሩሽ ልትሄድ ብትጫን፣ ለአንዳንዱ ፕሮግራም የሚደርሰው «ቢ» ሳይሆን «ብ» ነው። ፕሮግራሙ «ብ»ን አያውቅም፤ ዝም ይላል። ሩሲያውያንም በራሳቸው ፊደል ይህን በሽታ ያውቁታል። ላቲን የሚጽፉትም አልዳኑም። በጀርመን ኪቦርድ «ዜድ» እና «ዋይ» ቦታ ይለዋወጣሉ። ብሩሽ የሚያሳንሱትና የሚያሳድጉት [ እና ] ደግሞ በጀርመንና በፈረንሳይ ኪቦርድ ላይ ሌላ ቁልፍ አብሮ ካልተያዘ አይገኙም። ታዲያ «ይሄን ቁልፍ እንዲህ አድርገው» ብሎ ስለ ኪቦርዱ ዓይነት ዝም ያለ መመሪያ ለማን ተጻፈ? ለጸሐፊው ብቻ።

እዚህ ላይ ተቃዋሚዎቼ ይነሣሉ። ላዳምጣቸው።

አንደኛው «የእያንዳንዱ ሰው እጅ ይለያያል፣ የእኔ አደራደር ለሌላ አይሆንም» ይላል። እውነት ነው። እኔ ግን የለመንኩት አደራደርህን እንድታወርሰኝ አይደለም። ምክንያትህን ነው የምፈልገው። «መመለሻውን በአመልካች ጣቴ ሥር አደረግሁት፣ ከሁሉ በላይ የምጫነው እሱን ስለሆነ» ብትለኝ፣ ግራኝም ብሆን ጣቴ አጭርም ቢሆን ከምክንያትህ ተነሥቼ የራሴን እሠራለሁ።

ሁለተኛው «ቪዲዮ አለ አይደል?» ይላል። አለ። ሃያ ደቂቃ ዳታ ከፍዬ አይቼው፣ ተናጋሪው «እንግዲህ ይቺን እጫናለሁ» ሲል ጣቱ አይታይም። ቪዲዮ ውስጥ ቃል ፈልጎ ማግኘት አስቸጋሪ ነው፤ የተሳሳተውን አንድ ቁጥር ማረምም አይቻልም። ጽሑፍ ግን ይፈለጋል፣ ይታረማል፣ በደካማ ኔትወርክም ይከፈታል።

ሦስተኛው አዲስ መጤ ነው፦ «አሁን እኮ ኤአይ ትጠይቃለህ፣ ይነግርሃል።» ወዳጄ፣ ከየት አምጥቶ? የሚነግረኝ ሰው ከጻፈው ነው። ያልተጻፈውን ስትጠይቀው በሙሉ ልብ የሌለ ምናሌ ሊፈጥርልህ ይችላል።

አራተኛው ደግሞ «በነፃ የተሰጠ ነገር ነው፣ ምን ትጨቀጭቃለህ?» ይላል። ይሄኛው ያናድደኛል። የነፃ ሶፍትዌር ነፃነት የዋጋ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ሶፍትዌሩን ለራስህ እንዲሆን አድርገህ የመለወጥ መብት ነው። እንዴት እንደሚለወጥ ካልተጻፈ ያ መብት የወረቀት መብት ነው። እንቅስቃሴው ራሱ ይህን ስላወቀ ነው እ.ኤ.አ. በ2000 ለመመሪያ ጽሑፎች ለብቻው የግኑ ፈቃድ ያወጣው። የክሪታም መመሪያ በዚሁ ፈቃድ ሥር ነው፤ ማንም ሊያርመው፣ ሊጨምርበት፣ ሊተረጉመው ይችላል። በሩ ክፍት ነው። የጎደለው የሚገባ ሰው ነው።

ሰው አልጻፈም ማለቴ አይደለም። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ዳቪድ ረቭዋ «ፔፐርና ካሮት» የተባለውን በክሪታ የሚሣል ተከታታይ ሥራውን በነፃ ፈቃድ ከማሠራጨቱም በላይ፣ ታብሌቶቹን ሊኑክስ ላይ እንዴት እንዳስተካከለ እስከ ትእዛዙ ድረስ እየጻፈ ለዓመታት አካፍሏል። በዚህ ያጣው አንባቢም ክብርም አላየሁም። እኛ ዘንድ ግን በሥራው የማደንቀውን አንድ ሠዓሊ ስለ ቁልፎቹ ብጠይቀው «ስትሠራው ይገባሃል» ብሎ ሸኘኝ። ይገባኛል፤ እሱም ለብቻው በከፈለው ጊዜ ልክ ከፍዬ። ከእኔ ቀጥሎ የሚመጣውም እንደዚያው ይክፈል? ይሄ ምስጢር ጠባቂነት ማንንም አላበለጸገም። የሠዓሊ ችሎታ በመስመሩ ነው፣ የቁልፍ ቁጥር በመደበቅ አይደለም።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። አንድ ገጽ። ከላይ ቀኑ፣ የታብሌቱ ሞዴል፣ የሶፍትዌሩ ስሪት፣ ኤክስ ይሁን ዌይላንድ፣ የኪቦርዱ ዓይነት። ከሥር በየመስመሩ፦ ቁልፉ በአካል የት እንዳለ፣ ሥርዓቱ በስንት ቁጥር እንደሚያውቀው፣ ምን እንደሚልክ፣ ፕሮግራሙ ውስጥ ምን እንደሚሠራ፣ ለምን እዚያ እንደተደረገ። አንዴ ተነክቶ የሚለቀቅ ነው ወይስ ተይዞ የሚቆይ የሚለውም ይጻፍ። ክሪታ ላይ «ኮንትሮል» ቀለም የሚያነሣው ተይዞ እያለ ነውና፣ ነክቶ የሚለቅ ቁልፍ ላይ ቢደረግ ከንቱ ነው። በአማርኛ ይሁን፤ የምናሌው ስም በእንግሊዝኛ ከሆነ በእኛ ፊደል ድምፁን ጽፎ ማለፍ ይቻላል። ያልተሳካውንም ጨምሩበት፤ «ይህን ሞከርሁ፣ አልሠራም» የሚለው መስመር የስንቱን ሰው ቀን ያድናል።

ሙያ በልብ ከሆነ ልብ ሲቆም አብሮ ይቆማል። ዛሬ ማታ ሥራችሁን ስትጨርሱ ታብሌቱን ከመንቀላችሁ በፊት የመጀመሪያውን ቁልፍ ጻፉ። ሌላው ነገ ይደርሳል።