ምንጣፉን ግለጡት

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። አሮጌ ላንድክሩዘር ስትገዙ መጀመሪያ የምታዩት ምኑን ነው? ሞተሩን፣ ጎማውን... አብዛኞቻችን ደግሞ (አንዋሽ!) ቀለሙን። ምንጣፉን ገልጦ ወለሉን የሚያይ ገዢ ግን እምብዛም አላጋጠመኝም። ሻጩም ይህን ያውቃል።

አንድ ጓደኛዬ በገዛው ላንድክሩዘር የሾፌሩ መቀመጫ ይወዛወዝ ነበር። «ብሎኑ ላልቶ ነው» ብለው አጠበቁለት። ደግሞ ላላ። ምንጣፉ ሲነሳ ለካ ብሎኑ የታሰረበት ላሜራ ዙሪያውን ተሰንጥቋል። ስንጥቁ ላይ ስቱኮ፣ ስቱኮው ላይ ቀለም። ሲያምር! ስቱኮ ጭረት ይደብቃል እንጂ ሰው አይሸከምም። መኪናው ሲጋጭ መቀመጫችሁን የሚይዘው ያ ላሜራ ነው፤ በብዙ መኪና የቀበቶው መቆለፊያም የሚታሰረው ከመቀመጫው ወይም ከወለሉ ጋር ነው።

«በአስር ደቂቃ በይጄ እሰጥሃለሁ» የሚለውም ከባለ ስቱኮው ብዙ አይሻልም። የወለል ላሜራ ውፍረቱ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በወፍራም ኤሌክትሮድ ሲለበልቡት ወይ ይበሳል፣ ወይ ይጣመማል። ደህና ባለሙያ ከመበየዱ በፊት ባትሪውን ይፈታል፤ ከስር የነዳጅና የፍሬን ቱቦ ማለፍ አለማለፉን ያያል፤ ዝገቱን ንጹህ ብረት እስኪወጣ ይፍቃል። ከዚያ ስንጥቁ ያበቃበት ጫፍ ላይ ሦስት ሚሊ የምታህል ቀዳዳ በትራፓኖ ይበሳል። አዎ፣ ቀዳዳ! ሊያሳድሱት የወሰዱትን መኪና ሲበሱት ማየት ያናድዳል። ግን ስንጥቅ የሚጓዘው በሹል ጫፉ ነው፤ ጫፉ ክብ ሲሆን ኃይሉ ይበተንና ጉዞው ይገታል። ዝገት የበላው ከሆነ ተቆርጦ በአዲስ ላሜራ ይተካል፤ ብየዳውም እንዳያጣምመው አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ፣ ነጥብ በነጥብ ነው። በመጨረሻ ጸረ ዝገት ቀለም፣ ከላይም ከታችም።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ስንጥቁ ሊመለስ ይችላል። መጀመሪያውኑ ለምን ተሰነጠቀ ብሎ የጠየቀ የለማ! በቦዲውና በሻንሲው መካከል ያሉት ጎማዎች ሲያልቁ ኮረኮንች ላይ የሚተጣጠፈው ወለሉ ራሱ ነው፤ ሽቦ ደጋግማችሁ ስታጥፉት እንደሚበጠሰው። ብየዳ ብቻ ሠርቶ ጎማዎቹን ያላየ ጋራዥ ግማሹን ሥራ ትቶታል።

«ለአሮጌ መኪና ይህ ሁሉ?» ትሉ ይሆናል። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ ሕግ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከለከለ። እዚህ ያሉት አሮጌዎች እንግዲህ ከእጅ ወደ እጅ እየዞሩ፣ ከነስቱኳቸው፣ አብረውን ይከርማሉ።

ስለዚህ ጋራዥ ስትሄዱ «ቀለም ሳይነካው ብረቱን አሳየኝ» በሉ። ጓደኛዬ እንዲህ ሲል ባለ ጋራዡ ተቆጣ። «አታምነኝም?» አለው። አላመነውም። መኪናውን ይዞ ሌላ ጋራዥ ሄደ።