ሳቁስ ይሁን፥ ስሟ ማን ነው?

አንባቢ ሆይ፥ ሐኪም ስለ መድኃኒት፥ ዳኛ ስለ ሕግ ሲናገር ዝም ብለን እንሰማለን። የፊልም ነገር ሲነሣ ግን ተማሪውም ጸሐፊውም ሾፌሩም እኩል ፈራጅ ነው። ይህ መልካም ነው፤ ፊልም የተሠራው ለተመልካች ነውና። የሚያስፈራው ፍርዳችን ከዓይናችን ቀድሞ የሄደ እንደ ሆነ ነው።

በዚህ ሳምንት የምናጫውታችሁ ዋጃ ላይ የገጠመንን ነው። ዋጃ ከቆቦ ወደ አላማጣ በሚወስደው አውራ ጐዳና ላይ የምትገኝ የራያ ቆላ ከተማ ናት። ቀን ሙቀቱ ሰውን ከጥላ ሥር ያውለዋል፤ ሲመሽ ግን ቡናው ይፈላል፥ ጨዋታው ይደምቃል። ቡና በሚፈላበት አንድ በረንዳ ላይ አንድ የኮሌጅ ተማሪና አንድ በቅርቡ የተቀጠረ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ከላፕቶፕ ፊት ተቀምጠው እንባቸው እስኪመጣ ይሥቃሉ። አጠገባቸው አንድ ነጋዴ አለ። እኛም ተጠግተን አየን። ፊልሙ ሰርጆ ኮርቡቺ በ1976 ያዘጋጀው «ኢል ሲኞር ሮቢንሰን» የተባለው የኢጣሊያ ቧልት ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ስለዚህ ዓይነቱ ፊልም ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ኢጣሊያኖች በ1970ዎቹ ዓመታት ፍትወት የተቀላቀለበት ቧልት በብዛት ይሠሩ ነበር። ፓዞሊኒ በ1971 «ዴካሜሮን»ን ሠርቶ ገበያው ሲደራ፥ እሱን ለመምሰል የሚሞክሩ ርካሽ ፊልሞች በላይ በላዩ ወጡ። በ1973 ደግሞ ላውራ አንቶኔሊ የተጫወተችበት «ማሊዚያ» እጅግ ብዙ ተመልካች አገኘ። ከዚያ ወዲያ ዘዴው ታወቀ፤ ጥቂት ተዋንያን፥ አንድ ቤት፥ ገላዋን የምትታጠብ ቆንጆ፥ በቁልፍ ቀዳዳ የሚያጮልቅ ሞኝ፤ ይኸው ነው። አንድ ጊዜ አስተማሪ፥ አንድ ጊዜ ነርስ፥ አንድ ጊዜ ፖሊስ እየተባለ የሴቲቱ ልብስ ብቻ ይለዋወጣል፤ ልብሱም ብዙ አይቆይም። በ1976 የኢጣሊያ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ለግል የአካባቢ ቴሌቪዥን ጣቢያዎች በር ከከፈተ በኋላ ሕዝቡ ቤቱ መቀመጥን መረጠ፤ ያም ገበያ በ1980ዎቹ ዓመታት እየቀዘቀዘ ሄደ።

«ሮቢንሰን» ከርካሾቹ ሻል ይላል፤ ፓውሎ ቪላጆ አለበትና። ይህ ሰው ተዋናይ ከመሆኑ በፊት ጄኖቫ ውስጥ በአንድ ትልቅ ድርጅት ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። እዚያ ካየው ተነሥቶ ፋንቶዚ የሚባለውን፥ በአለቆቹ ፊት የሚንቀጠቀጠውን ምስኪን የሒሳብ ሠራተኛ ፈጠረ፤ በ1975ም በፊልም አሳየው። በ«ሮቢንሰን» ግን መርከቡ ሰጥሞበት ደሴት ላይ የተጣለ የሚላኖ ሀብታም ነው። እዚያም አንዲት ራቁቷን የምትሄድ ቆንጆ ጥቁር ልጅ ያገኛል። ስሟ «ቬነርዲ» ነው፤ «ዓርብ» ማለት ነው።

ዳንኤል ዴፎ በ1719 ባሳተመው መጽሐፍ ዓርብ ወንድ ነበር። ሮቢንሰን ነፍሱን ባዳነበት ቀን ስም ጠራው፤ እናትህ ማን አለችህ ብሎ አልጠየቀውም። ራሱን ግን «ጌታዬ» እንዲለው አስተማረው። ኢጣሊያኖቹ ወንዱን በሴት ለወጡት፤ ስሙን ሳይለውጡ ተዉት።

ፊልሙ ሲያልቅ አስተያየቱ ጀመረ።

«ይህ ነውር ነው» አለ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ። «ከእናቴ ጋር ተቀምጬ የማላየውን ምን ብዬ አመሰግነዋለሁ?»

«ታዲያ ለምን ሣቅህ?» አለው ተማሪው። «የሚዋረደው እኮ ሥልጡን ነኝ ባዩ ሰውዬ ነው። እሷ ምን ሆነች? ለፈረንጅ ራቁትነት ነውር አይደለም፤ አንተ ነህ ያከበድከው።»

ነጋዴው በበኩሉ «የዚህ አካባቢ ልጅ እኮ ናት! ኢጣሊያንን በውበቷ ማረከችው» ብሎ ኮራ።

ቡና የሚያፈሉት እናት እስከዚያ ድረስ ዝም ብለው ነበር። ሁለተኛውን እየቀዱ «ልጆቼ፥ ልጅቱ ስሟ ማን ነው?» አሉ።

«ዓርብ ነው እትዬ» አለ ተማሪው።

«ዓርብማ ቀን ነው። እናቷ ያወጣችላትን ነው የጠየቅኋችሁ።»

ሦስቱም ተያዩ። አንዱ ሰድቧታል፥ አንዱ ጠብቆላታል፥ አንዱ ኮርቶባታል፤ ስሟን ግን የያዘ አልነበረም። እኛ የምናውቀውን ተናገርን።

ስሟ ዘውዲ አርአያ ነው። በ1951 ደቀመሐረ ተወለደች። ኤርትራ የኢትዮጵያ ጠቅላይ ግዛት በነበረችበት በ1969 የኤርትራ የቁንጅና ንግሥት ሆና ተመረጠች፤ ከዚያም ወደ ኢጣሊያ ሄደች። በ1972 ሉዊጂ ስካቲኒ ሲሸልስ ላይ የሠራው የመጀመሪያ ፊልሟ ርእስ በአማርኛ ሲመለስ «ጨረቃ ቆዳዋ ልጅ» ያህል ነው። የ1974ቱ ደግሞ ባጭሩ «ገላ» ይባላል። አንባቢ ሆይ፥ አንዱ ርእስ ቆዳ፥ ሌላው ገላ፥ ሦስተኛው ፊልም ላይ ደግሞ የቀን ስም። እሷ ግን በዚያ አልቀረችም፤ በኋላ ራሷ የፊልም አሠሪ ሆናለች።

ይህ ዓይነቱ አተያይ በ1976 አልተጀመረም። በ1935 የኢጣሊያ ወታደር አገራችንን ሊወር ሲነሣ «ፋቼታ ኔራ» የሚል ዘፈን ይዘፍን ነበር፤ ትርጓሜው «ጥቁሯ ፊት» ነው፥ ስለ አንዲት ሐበሻ ልጃገረድ የተዘፈነ። በሚያዝያ 1937 ደግሞ ያው መንግሥት ከቅኝ ተገዢ ጋር እንደ ባልና ሚስት የኖረ ኢጣሊያዊ ከ1 እስከ 5 ዓመት እንዲታሰር ደነገገ። በዘፈን ተመኛት፥ በሕግ ከለከላት፤ በሁለቱም ጊዜ ስሟን አልጠየቀም። ኮርቡቺ ፋሺስት ነበር ማለታችን አይደለም። አሮጌ ሥዕል በአዲስ ግድግዳ ላይ መስቀል ቀላል መሆኑን ለማስታወስ ነው።

ተማሪው የተናገረው እውነት አለበት፤ የሚሣቅበት ሚላኖው ነው። ቢሆንም ሚላኖው ስም አለው፥ ሀብት አለው፥ ሚስት አለችው፥ የሚመለስበት አገር አለው። የእሷ ድርሻ ደሴትና ገላ ነው። በፋንቶዚ ስንሥቅ የምንሥቀው በራሳችን ነው፤ የጻፈው ሰው በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያውቃልና። ዓርብን የጻፏት ግን በእሷ ቦታ ተቀምጠው አያውቁም።

እንግዲህ ምክራችን ፊልም አትዩ፥ ወይም አትሣቁ አይደለም። ሲኒማን «የሰይጣን ቤት» ያሉት የጥንት የአዲስ አበባ ሰዎችም ኋላ ወረፋ ይዘው ገብተውበታል። ምክራችን፥ አስተያየት ከመስጠታችሁ በፊት ስለ ራቁትነቱ ብቻ ሳይሆን በፊልሙ ውስጥ ላሉት ሰዎች ሁሉ ስም፥ ፈቃድና የራሳቸው ቀልድ ተሰጥቷቸው እንደ ሆነ መርምሩ የሚል ነው። ያልተሰጠው ሰው ካለ ሳቁ የተገዛው በእሱ ገንዘብ ነው።

በዋጃ አማርኛና ትግርኛ ባንድ ረከቦት ይጠጣሉ። ስለዚህ ቡና የሚያፈሉት እናት ስሙን ሲሰሙ አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም፤ «ዘውዲማ ዘውድ ማለት ነው» አሉና ፍሙን አራገቡት።

የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ሲኒውን አስቀመጠ። «እኛ ቢሮ ሻይ የምታመጣውን ልጅ ‹ሻይ› ነው የምንላት» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ስንጠራት እንሥቃለን፤ እሷም ትሥቃለች። ሰባት ወር ሆነኝ፤ ስሟን አላውቀውም።»

«ነገ ሰኞ አይደል?» አሉት እናት። «ጠይቃታ።»