ታብሌትና የሱቅ ወሰን

ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ባሉት በእንጅባራና በዳንግላ፥ ሱቅና ሕንፃ ለብዙ ቤተ ሰብ የኑሮ መሠረት ስለ ሆነ፥ የወሰን ነገር ብርቱ ጥንቃቄ የሚያሻው ነው።

ይዞታ የሚመዘግብ፥ ግምት የሚያወጣ ወይም የኪራይ ውል የሚያዋውል ሰው ፎቶግራፉን፥ ፕላኑንና ውሉን በአንድ ታብሌት ይዞ ከስፍራው ቢደርስ፥ መዝገብ ሲፈለግ በከንቱ የሚያልፈው ቀን ይተርፋል። ይህ ጥቅም የሚናቅ አይደለም።

ነገር ግን ታብሌት ያለበትን ስፍራ የሚያውቀው ከሳተላይት በሚመጣለት ምልክት ስለ ሆነ፥ ሰማዩ በተገለጠበት ቦታ እንኳ 5 ሜትር ያህል ሊስት ይችላል፤ በፎቆች መካከልም ስሕተቱ ይበዛል። የአንድ ሱቅ ስፋት ግን ብዙ ጊዜ ከዚህ ያነሰ ነው። እንግዲህ በታብሌት ልክ ብቻ የተሠመረ ወሰን የአንዱን ሱቅ ለጎረቤቱ ሊሰጥ ይችላል።

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818 ይዞታ ከመመዝገቡ አስቀድሞ መብቱና ወሰኑ እንዲረጋገጥ ማዘዙ ስለዚህ ያለ ምክንያት አልነበረም።

ስለዚህ ሹማምንት ወሰኑን በቀያሽ መሣሪያና በሜትር ያስለኩ፤ ባለይዞታውና ጎረቤቶቹ በስፍራው ይቁሙ፤ በታብሌቱ የተጻፈውም ከመጽናቱ በፊት በአማርኛና በአገውኛ ይነበብላቸው። በሕዝብ ዘንድ የታመኑ ካህናትና ሽማግሎችም ሰው ሁሉ በልኬቱ ቀን እንዲገኝ ይምከሩ። በልኬት ቀን የሚውል አንድ ሰዓት፥ በፍርድ ቤት ደጃፍ ከሚያልፍ ዓመት እጅግ ይሻላልና።