ጽሕፈት ቤት ብቻውን ከተማ አያቆምም፦ ከአንኮበር ለጎረቤላ

የአንኮበር ወረዳ አስተዳደር መቀመጫ የሆነችው ጎረቤላ ከደብረ ብርሃን በስተ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ደጋው ወደ ቆላው ከሚያዘቀዝቅበት አፋፍ ላይ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። እንደ አብዛኞቹ የወረዳ ከተሞች ሁሉ ኑሮዋ ከመንግሥት ሠራተኛው ደመወዝ፣ ከባለጉዳዩ ምልልስና ከገበያ ቀን ጋር የተሳሰረ ነው። መቀመጫነቷ ጸጋ እንደ ሆነ አይካድም፤ ብቸኛ ምሰሶዋ ሊሆን ግን አይገባውም።

ለዚህ ማስረጃው ከከተማዋ ብዙ ሳይርቅ ይገኛል። አንኮበር ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ (እ.ኤ.አ. 1813–1847) እስከ ምኒልክ የሸዋ ነገሥታት መናገሻ ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዙ ካፒቴን ሃሪስ ልዑክ የመጣው ወደ እርሷ ነበር። ከተማይቱን ይመግብ የነበረው ግን በዋናነት ወደ ቤተ መንግሥቱ የሚገባው ግብር ነው። መናገሻው ወደ እንጦጦ፣ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረችው አዲስ አበባም ሲዛወር፣ መኳንንቱ፣ ወታደሩና የእጅ ባለሙያው ተከትለው ሄዱ። በኮረብታው ላይ የቀሩት አብያተ ክርስቲያናቱና የቤተ መንግሥቱ ፍርስራሽ ናቸው።

ደብረ ብርሃንም በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ መቀመጫ ሆና፣ ከእርሳቸው በኋላ ያንን ክብር አጥታለች። ዳግም ያነሣት አንድ ነገር ብቻ አይደለም፤ የደሴ አውራ ጎዳና፣ የብርድ ልብስ ፋብሪካው፣ የዞን መቀመጫነቷና በ1999 ዓ.ም. የተከፈተው ዩኒቨርሲቲ ተደጋግፈው ነው።

«ለወረዳ ከተማ በጀቱ በየዓመቱ ይመጣል፤ ስጋቱ ምንድን ነው?» የሚል ይኖራል። የወረዳ ጥቅል በጀት አሠራር ከ1994 ዓ.ም. ወዲህ ለወረዳዎች አቅም መጨመሩ እውነት ነው። ይሁን እንጂ አብላጫው ለደመወዝ ስለሚውል ለከተማ ልማት የሚተርፈው ጥቂት ነው። መቀመጫነትም በአንድ ውሳኔ ሊነሣ ይችላል። ዩክሬን እ.ኤ.አ. በ2020 ወረዳዎቿን ከ490 ወደ 136 ስትቀንስ፣ የወረዳ መቀመጫ የነበሩ ብዙ ትናንሽ ከተሞች ማዕረጋቸውን በአንድ ጊዜ አጥተዋል።

ስለዚህ ጎረቤላ ቢሮዎቿ ሳሉ ሌላ መቆሚያ ልታበጅ ይገባል። የደጋው ገብስና ባቄላ ከቆላው ማሽላ፣ ከአርጎባ ሸማኔዎችም ሥራ ጋር የሚገናኝበት ገበያ መጋዘንና የተሻለ መንገድ ያሻዋል። የወፍ ዋሻ ደን፣ በአንኮበር ስም የምትጠራውና ከኢትዮጵያ ውጪ የማትገኘው ትንሽ ወፍ፣ የነገሥታቱም ኮረብታ ጎብኚ ይስባሉ፤ ጎብኚው አድሮ የሚገበያየው ግን ማረፊያና አስጎብኚ ሲያገኝ ነው። የወረዳው የልማት ዕቅድ ሊመዘን የሚገባው በሚሠራቸው ቢሮዎች ቍጥር አይደለም፤ ቢሮዎቹ ነገ ቢነሡ በከተማዋ ሥራ ይዞ በሚቀረው ነዋሪ ብዛት ነው።