ጊደሯ ገበያ እንዳትወጣ

ለገጠር ድሃ ቤተሰብ በጥሬ ገንዘብ ስለሚሰጥ እርዳታ ክርክር በተነሳ ቁጥር ጥያቄው አንድ ነው፤ ሰውየው በገንዘቡ በግ ገዛበት ወይስ በላው? ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ዋናውን ነገር ይዘለዋል። በእኔ እምነት የገንዘብ እርዳታ ለእንስሳት እርባታ የሚያስገኘው ትልቁ ጥቅም አዲስ በግ ማስገዛቱ አይደለም፤ በረት ውስጥ ያለችውን ጊደር ያለ ጊዜዋ ከመሸጥ ማዳኑ ነው። ገበሬውን ከብት ማርባት ማንም አያስተምረውም። የሚያንሰው ጊደሯ ላም እስክትሆን፣ ላሚቱም ወልዳ እስክትታለብ ድረስ ቤተሰቡ ምን እየበላ ይቆይ ለሚለው ጥያቄ መልሱ ነው።

ጎተራው የሚራቆተው በክረምት ነው። ሰኔ ሐምሌ እህል ይወደዳል፣ ለዘርና ለማዳበሪያ ገንዘብ ይፈለጋል፣ አዲሱ ምርት ደግሞ ገና ማሳ ላይ ነው። በዚህ ጊዜ ለብዙ ቤተሰብ የቀረው ጥሪት በአራት እግሩ የቆመው ብቻ ነው። ክፋቱ ደግሞ ጎረቤቱም በዚያው ሰሞን ሻጭ መሆኑ ነው። ዓመቱ የድርቅ ከሆነ እንስሳው ከስቶና ገርጥቶ ገበያ ይወጣል፤ ሻጭ ይበዛል፣ ገዢ ይጠፋል፣ የእህሉ ዋጋ ግን ሽቅብ ይወጣል። አማርቲያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት የረሃብ ጥናታቸው የወሎን ጉዳይ ሲመረምሩ፣ አርብቶ አደሩን የጎዳው የከብቱ ማለቅ ብቻ ሳይሆን የተረፈው ከብት በእህል ሲመነዘር ዋጋ ማጣቱም ጭምር እንደነበር አሳይተዋል። ማለትም በደህና ጊዜ የብዙ ወር ቀለብ የምትገዛ ላም በክፉ ቀን ጥቂት ቁና እህል ታመጣለች። ያቺን ላም መልሶ ለመተካት ዓመታት ይጠይቃል።

በሬ በሚሸጥበት ጊዜ ጉዳቱ ከበረት አልፎ ማሳ ይገባል። ሁለት በሬ ያለው ራሱ ያርሳል። አንድ ያለው ከሌላ ባለ አንድ በሬ ጋር ተቀናጅቶ ይውላል፤ ተራውን ሲጠብቅም ዝናቡ ያልፈዋል። ምንም የሌለው መሬቱን በእኩል ሰጥቶ ከገዛ ማሳው ግማሹን ምርት ለባለ በሬው ይለቃል። ስለዚህ በክረምት የተሸጠ አንድ በሬ የሚቀጥሉትን ዓመታት ምርትም ይዞ ይሄዳል። ድሆች ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ። ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. የነበረውን ድርቅ ተከትሎ በደቡብ ወሎ የተካሄደ ጥናት፣ በጣም ድሃ የሆኑት ቤተሰቦች ያሏቸውን ጥቂት እንስሳት ላለመሸጥ ሲሉ ምግባቸውን ይቀንሱ እንደነበር አሳይቷል። ከብቱ የሚተርፈው በልጆች ሆድ ነበር ማለት ነው። የገንዘብ እርዳታ ፋይዳው ቤተሰቡን ከዚህ ጨካኝ ምርጫ ማውጣቱ ነው።

አገራችን ይህን በስፋት የሞከረችው በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ነው። ከዚያ በፊት ዝናብ ጥሩ በሆነበት ዓመት እንኳ ሚሊዮኖች በየዓመቱ የአስቸኳይ ጊዜ እርዳታ ጥሪ ይጠብቁ ነበር፤ እህሉ የሚደርሰውም አብዛኛውን ጊዜ ከብቱ ከተሸጠ በኋላ ነው። ሴፍቲኔቱ ይህን ልማድ ቀይሮ ለተለየ ቤተሰብ በየዓመቱ ለስድስት ወር የሚታወቅ ክፍያ መስጠት ጀመረ። በመጀመሪያው ዓመት የቀን ክፍያው 6 ብር፣ ሥራው ለአንድ የቤተሰብ አባል በወር 5 ቀን ነበር። አምስት ነፍስ ያለው ቤተሰብ ክፍያው ሳይጓደል ቢደርሰው በዓመት 900 ብር ያገኛል ማለት ነው። በዚህ ገንዘብ ሀብታም የሆነ የለም። ነገር ግን ዓላማው ከመነሻውም የቤተሰብ ጥሪት እንዳይመናመን መከላከል ነበር።

ውጤቱስ? የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ግምገማ የሚያስደስት አልነበረም። ዳንኤል ጊሊጋን፣ ጆን ሆዲኖትና ዓለማየሁ ስዩም ታፈሰ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት ተጠቃሚዎቹ ከሌሎቹ ፈጥነው ጥሪት ሲያፈሩ አልታየም፤ ብዙዎቹም ሊከፈላቸው ከታሰበው በጣም ያነሰ ነበር የደረሳቸው። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመውና ጉሽ ብርሃነ ከእነዚሁ ተመራማሪዎች ጋር የሠሩት ጥናት ግን ሌላ መልክ አሳየ። አምስት ዓመት ክፍያ ያገኙ ቤተሰቦች አንድ ዓመት ብቻ ካገኙት ጋር ሲነጻጸሩ የረሃብ ጊዜያቸው በ1.29 ወር አጥሯል፣ የእንስሳት ሀብታቸውም በ0.38 የእንስሳት መለኪያ አሃድ በልጧል። አንድ በግ ወይም ፍየል በዚህ መለኪያ 0.1 ስለሚያዝ ልዩነቱ ወደ አራት በግ ይጠጋል። ሁለቱን ጥናቶች አጠገብ ለአጠገብ ሳያቸው የሚታየኝ አንድ ነገር ነው፤ እንስሳው የበዛው ገንዘቡ ተከታትሎ በደረሰበት ቤት ነው። ነገም እንደሚከፈለው ያመነ ሰው ዛሬ አይሸጥም።

በኬንያም ተመሳሳይ ትምህርት አለ። ጊቭዳይሬክትሊ የተባለው ድርጅት በምዕራብ ኬንያ ራሪዳ አካባቢ ለድሃ ቤተሰቦች ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ ገንዘብ ሲሰጥ ከፊሎቹ በአንድ ጊዜ፣ ከፊሎቹ በዘጠኝ ወር ተከፋፍሎ ደረሳቸው። ዮሐንስ ሃውስሆፈርና ጄረሚ ሻፒሮ እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ግኝት መሠረት የተቀባዮቹ የእንስሳት ሀብት አድጓል። በየወሩ ያገኙት ይበልጡን የምግብ ዋስትናቸው ሲሻሻል፣ በአንድ ጊዜ ያገኙት ይበልጡን ቋሚ ንብረት ገዝተዋል። እዚህ ላይ ለእኛ የሚጠቅም ነገር አለ። አነስተኛው ተከታታይ ክፍያ ያለውን እንስሳ ይጠብቃል፤ አዲስ የሚያስገዛው ጠቀም ያለው የአንድ ጊዜ ገንዘብ ነው፤ አንዱ ያለ ሌላው ጎዶሎ ነው። ኢትዮጵያን ጨምሮ በስድስት አገሮች ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2015 ውጤቱ የታተመው ከድህነት ማውጫ ፕሮግራምም እንስሳ ወይም ሌላ ጥሪት ሲሰጥ አብሮ ለጊዜው የሚሆን የቀለብ ድጋፍ ይሰጥ ነበር። ቀለብ የሌለው ሰው የተሰጠውን ፍየል እንዲሸጥ ወይም እንዲያርድ ይገደዳላ!

ገንዘቡን ይጠጣበታል የሚለው ስጋት ከሁሉ ቀድሞ የሚነሳ ቢሆንም ከሁሉ ደካማው ነው። ዴቪድ ኢቫንስና አና ፖፖቫ ለዓለም ባንክ 19 ጥናቶችን ሰብስበው ሲመረምሩ የገንዘብ እርዳታ የአልኮልና የትምባሆ ወጪን እንደሚያሳድግ የሚያሳይ ማስረጃ አላገኙም። ያሰንፋል የሚለውም ከሴፍቲኔቱ አሠራር ጋር አይገናኝም። አብዛኛው ተጠቃሚ እርከን ሠርቶ፣ መንገድ ጠርጎ፣ ኩሬ ቆፍሮ ነው የሚከፈለው። ያለ ሥራ የሚከፈላቸው አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና ሠርቶ የሚያበላ ጉልበት የሌለባቸው ቤቶች ናቸው፤ እነሱን ሰነፍ ማለት ነውር ነው።

ሊከበር የሚገባው ተቃውሞ የዋጋ ንረቱ ነው። በ2000 ዓ.ም. የእህል ዋጋ ሲተኮስ የሴፍቲኔቱ የቀን ክፍያ ከ6 ወደ 8 ብር ብቻ ከፍ አለ፤ ገበያው ግን ከዚያ እጅግ ርቆ ሄዶ ነበር። ሬቸል ሳባተስ ዊለርና ስቴፈን ዴቨሮ ያንን ጊዜ አጥንተው እህል የተቀበሉት ቤተሰቦች ጥሬ ገንዘብ ከተቀበሉት በተሻለ ገቢያቸውም እንስሶቻቸውም እንዳደጉ አገኙ። ይህን ማስረጃ መሸሽ አይገባም። የገንዘብ ደጋፊ የሆንን ሰዎች ልንመልሰው የሚገባን ከባዱ ጥያቄ እሱ ነውና። እኔ የምመልሰው እንዲህ ነው፤ በዚያ ጊዜ የወደቀው የገንዘብ ሐሳብ ሳይሆን የተቆረጠው ክፍያ ነው። ኩንታሉ ዋጋው እጥፍ ሲሆን ብሩ ባለበት ከቆመ እርዳታው ያለ አዋጅ በግማሽ ተቀንሷል ማለት ነው። የዋጋ ንረታችን ለዓመታት ባለሁለት አኃዝ ሆኖ በከረመበት አገር ክፍያው በየወረዳው የእህል ዋጋ ልክ በየጊዜው መከለስ አለበት፤ ገበያው እህል በሌለው ሩቅ ቀበሌ ደግሞ እህሉ ራሱ ቢሰጥ ይሻላል። ገንዘብ የሚበልጠው የሚገዛ ነገር ባለበት ነው፤ ይህን መቀበል ለክርክሩ ውርደት አይሆንም።

መሬቱ ተራቁቶ ሳለ እንስሳ ማብዛት ጥፋት ነው የሚሉም አሉ። ሆኖም ለድሃው የሚመከረው ከብት ማብዛት ብቻ አይደለም። ሁለት ሦስት በግ ለሦስት ወር አድልቦ ለፋሲካ፣ ለአረፋ ወይም ለመስቀል ገበያ ማድረስ የሰፋ ግጦሽ አይፈልግም፤ ገለባ፣ ፉርሽካና ፋጉሎ ግን ይፈልጋል፣ እነዚህ ደግሞ በገንዘብ ይገዛሉ። ከልቅ ግጦሽ ተከልለው ያገገሙት ተራሮች ብዙዎቹ የሴፍቲኔት ሠራተኞች ያለሟቸው ናቸው፤ ሣራቸው እየታጨደ ለቤት ውስጥ መኖ ይውላል። ቆላው ሌላ ነው። ቦረና ላይ የተደረገ የረጅም ጊዜ ጥናት መንጋው ከ15 ከብት ገደማ በታች የወረደበት ቤተሰብ ወደ አርብቶ አደርነት መመለስ እንደሚከብደው አሳይቷል። እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ በተከታታይ አምስት የዝናብ ወቅቶች የከሸፉበት ድርቅ በዚያው ምድር ያደረሰውን እልቂት ያየ ሰው ጥቂት መቶ ብር ይበቃል አይልም። እዚያ ገንዘቡ ድርቁ ሳይጠና ከብቱ ገና ሥጋ ሳለው መድረስ፣ በከብት መድንም መታገዝ አለበት።

እ.ኤ.አ. በ2025 ከፕሮግራሙ ዋና ለጋሾች አንዱ የነበረው የአሜሪካ ዓለም አቀፍ የልማት ድርጅት ተዘግቷል፤ ገንዘብ ሲያጥር የመጀመሪያው ፈተና ተጠቃሚ መቀነስ ነው። እስካሁን ቤተሰብ «ይመረቃል» ሲባል መለኪያው በአብዛኛው ያፈራው ጥሪት ነበር። ይህ አደገኛ ነው። ሁለት በግ ማቆየት ስሟን ከመዝገብ የሚያስፍቅባት እናት በጎቹን ዘመድ ቤት ብታሳድር ወይም ባትገዛ ማን ይፈርድባታል? ቤተሰብ መመረቅ ያለበት የቆጠራው ዕለት በረቱ ሙሉ ስለሆነ ሳይሆን ቢያንስ አንድ ክፉ ክረምት ያለ ክፍያና ያለ ግዴታ ሽያጭ ማለፍ ስለቻለ ነው። ይህን ለማወቅ አዲስ ጥናት አያስፈልግም፤ የየቀበሌው የምግብ ዋስትና ግብረ ኃይል በሐምሌና በነሐሴ ማን ምን እንደሸጠና ለምን እንደሸጠ ቢመዘግብ፣ ስም የመሰረዙም ውሳኔ ከዚያ መዝገብ ውጭ እንዳይሰጥ ቢደረግ ይበቃል።