ሒሳብ ያልገጠመ ምሽት

ባንክ ቤት የገጣሚ መቃብር ነው የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። ቲ. ኤስ. ኤልየት ከ1917 እስከ 1925 እ.ኤ.አ. የለንደኑ ሎይድስ ባንክ ሠራተኛ እንደ ነበር አስታውሳቸዋለሁ። የሰውን ልብ ከሥራው የሚያርቀው ቁጥር አይመስለኝም፤ የመሥሪያ ቤቱ ልማድ ነው።

መጀመሪያ በተመደብሁበት ቅርንጫፍ አንድ ምሽት የገንዘብ ከፋዩ ሒሳብ አልገጥም አለ። እኛ «አይዞህ፣ በርታ» ብለን ቦርሳችንን አንሥተን ወጣን (እኔም ጭምር)። ጉድለቱን ከኪሱ ተካ። ከዚያ ወዲህ ያ ትጉህ ሰው የግድግዳ ሰዓት ተመልካች ሆኖ ቀረ።

በተዛወርሁበት ቅርንጫፍም ያው ችግር ገጠመን፤ 360 ብር ጎደለ። ሥራ አስኪያጇ ግን ካፖርታቸውን መልሰው ሰቀሉና የክፍያ ሰነዶቹን ለሁላችን አደሉን፤ ለራሳቸውም አንድ እስር ወሰዱ። «ለ9 ያለ ቀሪ ይካፈላል፤ የተገላበጠ አኃዝ ፈልጉ» አሉን። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ተገኘ፤ 950 ብር የተከፈለበት ሰነድ 590 ተብሎ ተመዝግቦ ነበር። ከፋይዋ አለቀሰች፤ እኛ ሳቅን። ዛሬም የደንበኞቿን ስም ከነአባታቸው ታውቃለች።

ሠራተኛው ለሥራው ልብ የለውም እያሉ በየዓመቱ ሥልጠና የሚያዘጋጁ አለቆችን አንድ ነገር ብቻ እጠይቃለሁ፤ ሒሳቡ ያልገጠመ ምሽት እናንተ የት ነበራችሁ?