በሬ የበላ ዲፕሎማ

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላል ያገሬ ሰው። ሳልጠረጥር ከተመነጠሩት አንዱ እኔ ነኝ። ይህን የምጽፈው የድሮ ቂም ለመወጣት አይደለም፤ ሰሞኑን መርሳ ወርጄ ያየሁት ነገር እንቅልፍ ስለነሳኝ ነው።

ታላቅ እህቴ ቡና አፍልታ፣ ማንጎ አቅርባ፣ ጎረቤት እንኳ ሳትጠራ ለብቻዬ አስቀመጠችኝ። ነገር እንዳለ ወዲያው ገባኝ። ልጇ 12ኛ ክፍልን ተፈትኖ የማለፊያ ነጥብ አላመጣም። አንድ «የኮሌጅ ሰው ነኝ» ባይ ደግሞ ቤት ድረስ መጥቶ፣ «ሕግን በዲፕሎማ ይጀምር፤ ከዚያ ወደ ዲግሪ ይዘልላል» ብሏቸው ሄዷል።

«አንተ ሕጉን ተምረኸዋል፤ ምን ትላለህ ወንድሜ?» አለችኝ።

«ገንዘቡን ማን ይከፍላል?»

«እህቱ ናታ! ከሪያድ ትልካለች» አለች፤ ነገሩ ያለቀለት ያህል።

ታዲያ እንዴት ዝም ልበል? እኔም በ1999 ዓ.ም. እንዲሁ ነበርኩ። በሀብሩ ወረዳ በመሬት ጉዳይ ፍርድ ቤት ደጃፍ ያልቆመ ገበሬ ብርቅ ነው። አባቴም በቀጠሮ ሲመላለስ ጫማው ያለቀ ሰው ስለነበር «ከቤቴ አንድ ሕግ አዋቂ ይውጣልኝ» አለ። ከሁለቱ በሬዎች አንዱን ሸጦ የኮሌጅ ከፈለልኝ። ለወልድያ የቤት ኪራይና ለቀለቤ ደግሞ አንዱን ማሳ በወለድ አገድ ሰጠ። ወለድ አገድ ምን እንደሆነ ለከተማ ልጅ ልንገር፦ አበዳሪው ገንዘቡ እስኪመለስለት ድረስ መሬቱን እያረሰ ምርቱን ይበላል። ዋናው ዕዳ ግን ከዚህ ሁሉ ምርት በኋላ እንዳለ ይቀመጣል።

በ2001 ዓ.ም. ተመረቅኩ፤ ፎቶም ተነሳሁ። ከዚያስ? ከዚያማ የማስታወቂያ ሰሌዳ ሳነብ ከረምኩ። ሰሌዳው «ዲግሪ» ይላል፣ እኔ ዲፕሎማ ይዣለሁ። በ2002 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ደግሞ መንግሥት የሕግና የመምህርነት ትምህርት በመንግሥት ተቋማት ብቻ ይሰጥ ብሎ አዘዘ። በግል ኮሌጅ ለተማርነው የመንፈስ ስብራት ነበር። በመጨረሻ ፍርድ ቤት አካባቢ ቁጭ ብዬ ማመልከቻ ጻፊ ሆንኩ። የባለጉዳይ ብሶት ስጽፍ ኖሬ ነው ጋዜጣ ላይ መጻፍ የጀመርኩት። መሬቱ ለአምስት ዓመት በሰው እጅ ቆየ። አባቴም እስኪያርፍ ድረስ አንዷን በሬውን ከጎረቤት በሬ ጋር በመቀናጆ እያጠመደ አረሰ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልለይ። ዕዳ ሁሉ አንድ አይደለም። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የተማረ ሰው በወጪ መጋራት ደንብ ቁጥር 154/2000 መሠረት ዕዳ አለበት። ያ ዕዳ ግን የሚከፈለው ተመራቂው ገቢ ሲያገኝ፣ ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ ነው። ማለትም ደመወዙን ይጠብቃል። ወለድ አገድ ደመወዝ አይጠብቅም፤ አራጣም አይጠብቅም፤ በሰው አገር የሰው ቤት የምታጥብ እህትም ጉልበቷ አይጠብቅም። ልጁ ሥራ አገኘ አላገኘ፣ የእሷ ዕድሜ እየተቆረጠ ነው።

እስቲ ሒሳቡን እናስላው። ቁጥሩን ለምሳሌ ያህል እኔ ነኝ የማስቀምጠው፤ እናንተ በየኮሌጃችሁ ዋጋ ቀይሩት። ክፍያው በወር 1,500 ብር፣ የወልድያ ኪራይና ቀለብ በትንሹ 2,000 ብር ይሁን። በሦስት ዓመት 36 ወር ነው፤ ድምሩ 126,000 ብር ይመጣል። አሁን ወደ ገቢው እንሂድ። ከመስከረም 2018 ጀምሮ በተሻሻለው የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ዝቅተኛው 6,000 ብር፣ የጀማሪ ባለ ዲግሪ ደግሞ 11,500 ብር ነው። ባለ ዲፕሎማው ቢቀናው በመካከል ይገባል። ከዚያ ላይ በልቶና ለብሶ በወር 1,000 ብር ቢተርፈው፣ ያንን 126,000 ብር ለመመለስ 126 ወር፣ ማለትም አሥር ዓመት ተኩል ያስፈልገዋል! ይሄ እንግዲህ በተመረቀ ማግስት ሥራ ካገኘ ነው። ካላገኘስ?

«ወደ ዲግሪ ይዘልላል» የሚለውስ ቃል? ላም አለኝ በሰማይ! የመውጫ ፈተና የሚባል ነገር መኖሩን ያ ሰውዬ ለእህቴ አልነገራትም። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ፈተናው በአገር አቀፍ ደረጃ ለዲግሪ ተመራቂዎች ሁሉ ሲሰጥ፣ ከመንግሥት ተቋማት ተፈታኞች ያለፉት 62 በመቶ ገደማ፣ ከግሎቹ ግን 17 በመቶ ገደማ ነበሩ። ጥብቅና እቆማለሁ ለሚልም፣ የፌዴራሉ የጥብቅና አዋጅ ቁጥር 1249/2013 የሕግ ዲግሪ ይጠይቃል።

ስለዚህ የእኔ አቋም ይሄ ነው፦ ተማሪ የሚመዘግብ ኮሌጅ ሁሉ ስንት አስመርቆ ስንቱ ፈተናውን እንዳለፈ፣ ስንቱም ሥራ እንደያዘ በሩ ላይ ይለጥፍ። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣንም ይህን ያስገድድ። ቲማቲም ሻጭ እንኳ ዕቃውን አስገልብጦ ያሳያል፤ የሦስት ዓመት ዕድሜ የሚሸጥ ሰው ለምን ይደበቃል?

እስከዚያው ግን ወላጅ ራሱ ይጠይቅ። ኮሌጁ ዕውቅና አለው ማለት አይበቃም፤ ዕውቅና የሚሰጠው ለእያንዳንዱ የትምህርት ዓይነትና ለእያንዳንዱ ካምፓስ ነው። «ለዚህ ትምህርት፣ እዚህ ከተማ፣ ፈቃዳችሁን አሳዩኝ» ይበል። ከዚያ ከተመራቂዎቹ ሦስቱን ፈልጎ፣ ምን ሠርተው እንደሚበሉ ይጠይቅ። ባይማር ይሻላል እያልኩ አይደለም፤ ሙያ ተምሮ ቶሎ ገቢ የሚያገኝበትም፣ 12ኛን ደግሞ በግል የሚፈተንበትም መንገድ አለ።

ልጁ ይህን ሁሉ ሰምቶ «ታዲያ አንተ በመማርህ ትቆጫለህ ጋሼ?» አለኝ። በመማሬ አልቆጭም አልኩት። የምቆጨው በዚያች በሬ ላይ ቁጭ ብለን፣ አባቴና እኔ፣ አንድ ማታ እንኳ ሒሳብ ባለመሥራታችን ነው። ያን ዕለት ስልክ ተደውሎ ሪያድ ያለችው እህቱም እንድትሰማ አደረግን። ገንዘቡ የእሷ ነውና የመጨረሻውን ቃል እሷ ትናገር ተባለ።

ልብ ያለው ልብ ይበል!